ከርክ ካሜሮን፦ ያልተጠሩት የሠርጉ እንግዶች

ወገኖች፣ «ፋየርፕሩፍ» የተሰኘውን የጋብቻ ፊልም ያያችሁ ከርክ ካሜሮንን ታውቁታላችሁ። እርሱ ግን ዝነኛ የሆነው ገና በልጅነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985፣ በ14 ዓመቱ፣ «ግሮዊንግ ፔይንስ» በተባለው የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ላይ የቤቱን የበኩር ልጅ ማይክ ሲቨርን ሆኖ መጫወት ጀመረ፤ ድራማው እስከ 1992 ቆየ። ያኔ በእግዚአብሔር መኖር እንኳ አያምንም ነበር፤ በ17 ዓመቱ ገደማ ጌታን ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ ጨዋነት የጎደላቸው የድርሰቱ ክፍሎች እንዲለወጡ ይጠይቅ ጀመር፤ ከባልደረቦቹም ተራራቀ። በ1991 በድራማው ፍቅረኛው ሆና የተጫወተችውን ቼልሲ ኖብልን ሲያገባ አብረውት የሠሩትን ተዋንያን አልጠራም። ለሠርግ አለመጠራት እንዴት እንደሚያስቀይም መቼም ታውቃላችሁ! ቅናቱን አልነቅፍም፤ ጌታን ባገኘንበት ሰሞን ያልቸኮለ ማን አለ? ካሜሮን ራሱ ግን በኋላ፣ ምክንያቱን ቢያስረዳቸው ኖሮ ባላሳዘናቸው እንደነበር ተናግሯል። በ2000 እና በ2004 በተሠሩት የድራማው ፊልሞች ላይ ከእነርሱ ጋር ዳግም ተጫውቷል።

አቋሙን ግን አልተወም። በ2008 በወጣው «ፋየርፕሩፍ» ከሚስቱ በቀር ሌላ ሴት ስለማይስም፣ በመሳሳሙ ትዕይንት ላይ ቼልሲ የተዋናይዋን ልብስ ለብሳ በጥላ ተቀረጸች። በዚህ ጊዜ ምክንያቱን በግልጽ ተናገረ።