ነቀምቴንና ጅማን የለያያቸው ምንድን ነው?

ከነቀምቴ ተነስቶ፣ ዲዴሳን ተሻግሮ፣ በበደሌ በኩል ጅማ የሚገባ መንገደኛ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ይነሳል፤ በዚያው በኦሮምኛ ሰላምታ ተቀብሎ ይደርሳል። የጎሳ ትውልድ ቆጠራው፣ የገዳው ትዝታ፣ የቡናው ሥርዓት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሳሰላል። ሃይማኖቱ ግን ይለያል። በ2007 የሕዝብ ቆጠራ ከጅማ ዞን ነዋሪ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙስሊም ሲሆን፣ በምዕራብ ወለጋ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የያዙት ፕሮቴስታንቶች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ግን በሁለቱም አገር የብዙኃኑ እምነት ዋቄፈና የተባለው ነባሩ የኦሮሞ እምነት ነበር። ዋቃ አንድ ነው፤ በዋርካ ሥር ይለመናል፤ «ቃሉ» በሚባለው የእምነቱ መሪ በኩል ቃሉ ይሰማል። አንድ ሕዝብ ከአንድ መነሻ ተነስቶ እንዴት ወደ ሁለት አቅጣጫ ሄደ? የተለመዱት መልሶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጦር፣ ሌላው ገንዘብ። የሁለቱም ድርሻ የሚካድ አይደለም። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ሦስተኛ መልስ ነው። ሃይማኖቱ ሥር የሰደደው የአገሩ ሰው በገዛ ቋንቋው ሲሰማውና ራሱ አስተማሪ ሲሆንበት ነው፤ ይህም ለእስልምናም ለክርስትናም እኩል ሠርቷል።

ከጅማ እንጀምር። እስልምና ወደ ጊቤ አገሮች የገባው ከነጋዴ ጋር ነው። ከሰሜንና ከምሥራቅ የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባሪያ ለመግዛት ወደ ሊሙ እናርያ ገበያ ይጎርፉ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ እንደ ሊሙው አባ ባጊቦና እንደ ጅማው ቀዳማዊ አባ ጅፋር ያሉ ነገሥታት እምነቱን ተቀበሉ። የንጉሥ መስለም ግን ሕዝቡን በአንድ ጀንበር አላሰለመም። ሥራውን የሠሩት ሼሆች ናቸው። ቁርኣኑ በዐረብኛ ይቀራል፤ ትርጓሜው፣ ምክሩና መንዙማው ግን በኦሮምኛ ይወርዳል። የአገሩ ልጅ ቀርቶ ሲመረቅ በተራው መንደሩን ያስተምራል። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1880ዎቹ ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው አገራቸውንና እምነታቸውን ይዘው ሲቆዩ፣ ጅማ የእስልምና ትምህርት ማዕከል እየሆነች ሄደች።

ወደ ነቀምቴ ሲመጣ ታሪኩ በተመሳሳይ መንገድ ይጀምርና ይለያል። ሞረዳ በከሬ በ1882 ለምኒልክ ገበሩ። ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ ተጠምቀው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ነቀምቴ ላይ ይታያል። በምዕራብ በኩል ደግሞ እስልምና በሌላ ፊት መጣ፤ የማህዲ ጦር ከሱዳን ተነስቶ ወለጋን ወረረ። በ1888 የምኒልክ የጦር መሪ ራስ ጎበና ዳጬ ሌቃ ከሚባሉት የነቀምቴ አካባቢ ኦሮሞዎች ጋር ሆነው ጉቴ ድሊ ላይ አሸነፉት። ጅማ እስልምናን ያወቀችው ከገበያና ከቁርኣን ቤት ሲሆን፣ ምዕራብ ወለጋ ከጎራዴ ጋር አገኘችው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሆኖም የማህዲ ጦር መመለስ ብቻውን ወለጋን ክርስቲያን አላደረገም። በገዢዎች ቤት የተጀመረው ጥምቀት ለብዙ ዓመታት ከግቢና ከከተማ ብዙ አልራቀም። ምክንያቱን ለማየት መስጊዱንና ቤተ ክርስቲያኑን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። በጅማ መስጊድ ዐረብኛው ለገበሬው እንግዳ ነበር፤ በነቀምቴ ቤተ ክርስቲያንም ግእዙ እንግዳ ነበር። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ሼሁ ዐረብኛውን በኦሮምኛ ይፈታዋል፤ ከሰሜን የመጣው ቄስ ግን ግእዙን የሚፈታው በአማርኛ ነበር። ለሌቃ ገበሬ እንግዳው ነገር በእንግዳ ነገር ተተረጎመለት።

ይህን የለወጡት ከባርነት የተረፉ ሰዎች ናቸው። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1850ዎቹ አጋማሽ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ ፍቺ፣ ትርጓሜ እንደ ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳለ ተነጥቆ ተሸጠ፤ ከጌታ ወደ ጌታ ሲዛወር ቆይቶ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣና በአቅራቢያው ወዳለው የእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሊመልስ ሲነሳ አንድ ችግር ገጠመው፤ አገሩን በልጅነቱ ስለለቀቀ ቋንቋው ሙሉ አልነበረም። ጉድለቱን የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴርን በባርነት የያዟት የሊሙ እናርያ ገዢ ነበሩ፤ ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ ባሕር ላይ ሳለች በ1886 የጣሊያን መርከብ አስጣላት። የቃላቱን ሀብት፣ ተረቱን፣ ዘፈኑንና ምሳሌያዊ አነጋገሩን በልቧ ይዛ ነበርና ለመዝገበ ቃላቱም ለትርጉሙም መሠረት ሆነች። አዲስ ኪዳኑ በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግእዝ ፊደል ታተመ። በ1894 ከኦነሲሞስ ጋር ያዘጋጀችው የማንበቢያ መጽሐፍም ወጣ። የኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲነገር የኦነሲሞስ ስም ይቀድማል፤ የእሷም እኩል መጠራት አለበት።

በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ መጡ። ከእነሱ በፊት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘማቴዎስ የተባለ ሌላ ወንጌላዊ ቦጂ ላይ ሥራ ጀምሮ ነበር። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ኦነሲሞስን በክብር ተቀብለው ነቀምቴ ላይ እንዲያስተምር ፈቀዱለት። ስብከቱ በኦሮምኛ ነበርና የከተማው ካህናት የሚለውን መስማት አልቻሉም፤ ድንግል ማርያምን ሰድቧል ብለው ከሰሱት። በ1906 ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበና እንዲሰደድ ተፈረደበት። አፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው፣ ነቀምቴ ይመለስ፣ አይስበክ አሉ። ተመልሶም ማንበብና መጻፍ ማስተማሩን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ፊደል ማስቆጠር የመነጨ ነው፤ መጽሐፉን በእጁ የያዘ ገበሬ አስተማሪ እስኪመጣለት መጠበቅ አላስፈለገውም።

እዚህ ላይ በሁለቱ ሃይማኖቶች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ይታያል። ለሙስሊም ቁርኣን በወረደበት ዐረብኛ የአላህ ቃል ነው፤ በሌላ ቋንቋ ሲነገር ማብራሪያ ይሆናል እንጂ ለሶላት አይቀራም። ለክርስቲያን ቃል ሥጋ የሆነው በኢየሱስ ነውና መጽሐፉ በተተረጎመበት ቋንቋ ሁሉ ቅዱስ መጽሐፍ ይባላል። ጋምቢያ ተወልዶ ከእስልምና ወደ ክርስትና የመጣው ላሚን ሳኔህ የተባለ ምሁር የአፍሪካን ክርስትና ያብራራው በዚህ ነው። የኦሮምኛው መጽሐፍ እግዚአብሔርን «ዋቀዮ» ብሎ በመጥራቱ፣ አዲሱ እምነት በአሮጌው ስም ቤት ገባ። ሳኔህን የምቃወምበት አንድ ነጥብ ግን አለ። ጅማ እንደምታሳየው መጽሐፉ ሳይተረጎምም ሰው በቋንቋው ሊሰልም ይችላል፤ የአላህ አንድነት ለዋቃ አምላኪ ጆሮ እንግዳ አልነበረም፤ አስተማሪውም የራሱ ሰው ነበር። ወሳኙ ነገር ከተጻፈው ቃል መተርጎም ይልቅ የአስተማሪው ማንነት ነው።

ወለጋን የለወጠው የፈረንጅ ገንዘብና ሆስፒታል ነው የሚሉ አሉ። እውነት አለው። ስዊድኖች ነቀምቴ ላይ ሆስፒታል አቆሙ፤ ጀርመኖች በ1928 አይራ ገቡ፤ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከ1919 ጀምሮ ደምቢ ዶሎ ላይ አከመ። ነገር ግን ገንዘቡ የቆመበትን ጊዜ እንይ። ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ሚሲዮናውያኑ እንዲወጡ ተደረጉ፤ ወራሪው መንግሥትም ለሙስሊሞች ያደላ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የደምቢ ዶሎን ምዕመናን የመሩት በልጅነቱ በፈንጣጣ ዓይኑን ያጣው ጊዳዳ ሶላንና ጓደኛው ማሞ ጮርቃ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ቁጥሩ ጨምሮ ሚሲዮናውያኑን ጠበቃቸው። በደርግ ዘመንም እንዲሁ ሆነ። የቦጂው ልጅ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ተገደሉ፤ በወለጋ ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ ምዕመናኑ ግን አልተበተኑም። በጥቅም የመጣ ሰው ጥቅሙ ሲቀር ይመለሳል። እነዚህ አልተመለሱም።

ሌላው ሙግት፣ ያለ መንግሥት ጉልበት ምን ሃይማኖት ተስፋፍቶ ያውቃል የሚል ነው። የዚህ ፈተና ወሎ ውስጥ ያለው ቦሩ ሜዳ ነው። በ1878 አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ባላባቱ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሕዝቡ ግን ዛሬም በብዛት ሙስሊም ነው። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆነው ልጅ ኢያሱ በ1916 ሰልሟል ተብሎ ከሥልጣን ወረደ። በዚያው ዓመት፣ ከመውረዱ በፊት፣ ለኦነሲሞስ እምነቱን በነጻነት እንዲያስተምር የፈቀደለት ይኸው ልጅ ኢያሱ ነበር። አባቱ እምነታቸውን የለወጡት በትእዛዝ ነበር፤ ይህን ፈቃድ የሰጠው ማስገደድ ምን እንደሚያመጣ በቅርብ የሚያውቅ ቤት ልጅ ነው።

ከዚሁ ዘመን አንድ ሌላ ምሳሌ እነሆ። በጌምድር ውስጥ ሼህ ዘካርያስ የተባሉ የቁርኣን ሊቅ በቁርኣን ስለ ዒሳ (ኢየሱስ) የተጻፈውን እየጠቀሱ በሙስሊሞች መካከል አስተማሩ፤ በ1910 ተጠመቁ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ተከተሏቸው። የቦሩ ሜዳ አዋጅ ያላደረገውን አንድ ሼህ በገዛ መጽሐፋቸው አደረጉት። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። በ1984፣ በ1994ና በ2007 ቆጠራዎች የሙስሊሙ ድርሻ 33 በመቶ ገደማ ሆኖ ቆሟል። ፕሮቴስታንቱ ከ5.5 ወደ 10.2፣ ከዚያም ወደ 18.6 በመቶ ሲያድግ፣ ኦርቶዶክሱ ከ54 ወደ 43.5 ወረደ። የመጀመሪያው ቆጠራ ያልደረሰባቸው ቦታዎች ቢኖሩም የቁጥሩ አቅጣጫ ግልጽ ነው። ሙስሊሙ አገሩን ሊወስድ ነው፣ ክርስቲያኑ ሊያጠፋን ነው እየተባለ የሚነዛው ፍርሃት በቁጥሩ አይደገፍም። በ2011 በጅማ ዞን አሰንዳቦ አካባቢ ጸሎት ቤቶች የተቃጠሉት ግን በዚህ ዓይነት ፍርሃትና ወሬ ነበር።

ወለጋም የአንድ እምነት አገር ብቻ አይደለችም፤ በ1984ቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩባት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ የዋቄፈና ተከታዮችም ዛሬ በአደባባይ ይታያሉ። ለወለጋ ሰባኪዎችና ኡስታዞች አንድ ልመና አለኝ። ስለ ጎረቤታችሁ እምነት ለሕዝብ ከመናገራችሁ በፊት፣ እምነቱን ከራሱ ከጎረቤታችሁ አፍ፣ በራሱ ቋንቋ ስሙት።