የፊት አሲድ ቆዳን ያጠራል እንጂ አያቀላም

ግላይኮሊክ አሲድ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ናያሲናማይድ… እነዚህ ስሞች ዛሬ በቲክቶክም በመዋቢያ ሱቅም የተለመዱ ሆነዋል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ስለ እነዚህ ቅባቶች ሲወራ የሚነሱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ አሲድ እንዴት ፊት ላይ ይቀባል? ፊትንስ ያቀላል ወይ?

አሲድ ለቤታችን እንግዳ አይደለም

እርጎን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ ነው። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የሚኮመጥጠውም ይህንኑ አሲድ በሚሠሩ ባክቴሪያዎች ነው። ግላይኮሊክ አሲድ በሸንኮራ አገዳ ውስጥ ይገኛል። ሳሊሲሊክ አሲድ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከአኻያ ዛፍ ነው። ለጭርት ከፋርማሲ የሚገዛው የዊትፊልድ ቅባት ውስጥ ያለውም እርሱ ነው፤ ቅባቱ 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድና 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድ ይዟል።

ሥራቸው ምንድን ነው?

ቆዳችን ከሥር አዲስ ሕዋስ እየሠራ የሞተውን ከላይ ያራግፋል። ይህ ዑደት አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። የሞተው ሕዋስ ሳይራገፍ ሲከማች ፊት ይደበዝዛል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ብጉር ይወጣል። አሲዶቹ የሞቱትን ሕዋሳት እርስ በርስ ያጣበቀውን ነገር ያላላሉ።

ግላይኮሊክና ላክቲክ አሲድ የቆዳውን ገጽ ያለሰልሳሉ፣ ብጉር የተወውን ጥቁር ነጥብም ቀስ በቀስ ያደበዝዛሉ። ሳሊሲሊክ አሲድ በቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ወደ ተደፈነው ቀዳዳ ይገባል፤ ስለዚህ ወዛም ፊትና ብጉር ላላቸው ይመረጣል። ናያሲናማይድ አሲድ ሳይሆን የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ሲሆን የቆዳን መከላከያ ያጠነክራል። ለተሰነጠቀ ተረከዝ ደግሞ ዩሪያ ያለበት ቅባት ይረዳል።

ማጥራትና ማቅላት ይለያያሉ

ከእነዚህ አንዱም አላህ የሰጠንን የቆዳ ቀለም አይለውጥም። የሚጠፋው በቁስል፣ በብጉር ወይም በፀሐይ የመጣው ተጨማሪ ጥቁረት ነው። ለአረፋ ወይም ለሰርግ በአንድ ሳምንት ፊት አቀላለሁ የሚል ክሬም ግን ሌላ ነገር ይዞ ሊሆን ይችላል፦ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም እንደ ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ስቴሮይድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሲቆም ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ ሲቀባ በተቃራኒው ሰማያዊ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ እስከ 2025 ከገበያ እንዲወጣ የወሰኑት በዚህ ጉዳት ምክንያት ነው። የአምራቹ ስምና የይዘቱ ዝርዝር የሌለበትን፣ ወይም በዕቃ ተቀንሶ የሚሸጥን ክሬም አይግዙ።

እንዴት እንጠቀም?

• በአንድ ዓይነት አሲድ ብቻ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ይጀምሩ። ለቤት አገልግሎት ግላይኮሊክ ከ10 በመቶ፣ ሳሊሲሊክ ከ2 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቃጠል ጥቁር ጠባሳ ስለሚተው መቸኮል ጉዳቱ ያመዝናል።

• ከኢሻ በኋላ መቀባት ያመቻል፤ ለሱብሒ ዉዱእ ሲያደርጉ ይታጠባል። ቆዳ በየዕለቱ ደጋግሞ ሲታጠብ ስለሚደርቅ፣ ፊት ገና እርጥብ እያለ ቀለል ያለ ማለስለሻ መቀባት ጥሩ ነው። ውሃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ የሚከለክል ወፍራም ሽፋን ካለ ግን ከዉዱእ በፊት ይነሣ።

• ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ፣ ቢያንስ ኤስ ፒ ኤፍ 30፣ ይቀቡ። አሲድ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ካቆሙት በኋላም ለአንድ ሳምንት ያህል ጥንቃቄው ይቀጥል። ቡታጅራ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ወልቂጤም ከዚያ ብዙ አታንስም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሒጃብ ፀጉርንና አንገትን ቢከልልም ፊትና እጅ ለፀሐይ ይቀራሉ።

• ሎሚ ጨምቀው ፊት ላይ አይቀቡ። መጠኑ ያልታወቀ ጠንካራ አሲድ ነው፤ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል።

• ነፍሰ ጡር እናቶች ሬቲኖል ከሚባለው ይራቁ፤ ሌላውንም ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ።

ቆዳው ካበጠ፣ ካቃጠለ ወይም ማዲያቱ ከባሰ ቅባቱን አቁመው፣ ዕቃውን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ከበድ ያለ ሲሆን አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። አጠራጣሪ ክሬም ያየ ሰው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነጻ መስመር መጠቆም ይችላል። በጀትዎ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ግን፣ ከአሲዱ በፊት የፀሐይ መከላከያውን ይግዙ።