ያውቁ ኖሯል? ከወጌሻ እስከ ሒጃማ

አርብ ነው፤ ኩዌት፣ ፈርዋኒያ። እጃዛ (የዕረፍት ቀን) የወጡ አራት ልጆች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቡና እያፈሉ ነው። አንደኛዋ ፍራሽ ላይ በደረቷ ተኝታለች፤ ጓደኛዋ ትከሻዋን በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች። «እሱጋ! እሱጋ!» የነብር ሥዕል ያለባት ብልቃጥ ተከፍታ ቤቱን አውዳዋለች።

የዚያች ቅባት ሜንቶል ቆዳውን ሳያቀዘቅዝ «በረደኝ» እንደሚያሰኝ ያውቁ ኖሯል? የብርድ ጠቋሚውን ነርቭ ነክቶ አንጎልን ያታልላል። የሙቀቱን ጠቋሚ ዴቪድ ጁሊየስ ያገኘው በርበሬን በሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሚጥሚጣ የቀመሰ ይገባዋል። የግፊቱን፣ ማለትም የሚያሸውን እጅ የምናውቅበትን ጠቋሚ ደግሞ አርደም ፓታፑቲያን አገኘው። ሁለቱም በ2021 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ኖቤል ተሸለሙ። ፓታፑቲያን የቤሩት ልጅ ነው፤ እሱም ተሰዶ ነው የተማረው።

«የስዊድን ማሳጅ» ለሚባለው ስልት እንቅስቃሴዎች ስም እንዳወጣ የሚነገርለት ስዊድናዊ ሳይሆን ዮሐን ጌኦርግ ሜዝገር የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም ነው። እኛ ደግሞ ወጌሻ አለን። ስብራት የሚጠግነው፣ ውልቃት የሚመልሰውና የሚያሸው ያው አንድ ሰው ነው፤ ኳስ በሬዲዮ ስንሰማም ተጫዋች ሲወድቅ ሜዳ የሚገባው «ወጌሻው» ነው።

መታሸት ላክቲክ አሲድ ይጠርጋል ሲባል ሰምተው ይሆናል። አይጠርግም። በ2012 ካናዳ፣ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 11 ወጣት ወንዶችን ብስክሌት እስኪዝሉ አስነዱና አንድ እግራቸውን ለ10 ደቂቃ አሹ፤ ሌላውን ተዉት። ከሁለቱም እግር የጡንቻ ቅንጣት ወስደው ሲያዩ ላክቲክ አሲዱ አልተለወጠም፤ የታሸው እግር ብግነት ግን ቀንሷል። እፎይታው የእውነት ነው፤ ምክንያቱ ብቻ ሌላ ነው።

ምንጣፍ ያጠበች ሴት በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን የሚብስባትም በዚሁ ብግነት ነው። «ኤሲ መታኝ» ትላለች፤ እኛ ሰዎች ሁሉን በብርድ እናሳብባለን።

ዓረቦች ሒጃማ የሚሉት የእኛው ዋግምት ነው፤ እነሱ ዘንድ ብርጭቆ፣ እኛ ዘንድ ቀንድ። በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ የዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ትከሻ ላይ የታየው ወይን ጠጅ ክብም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ያለ ብጣት ቢሆንም። የሚበጣ ከሆነ ምላጩ አዲስ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም።

የማይታሽ ሕመም አለ። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ ከሆነ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ቢያሹት የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና ሐኪም ቤት ነው። ሌላው የቪታሚን ዲ እጥረት ነው። በሐምሌ 2016 ሚትሪባህ በተባለ ቦታ 53.9 ዲግሪ በተመዘገበባት በኩዌት፣ ፀሐይ ያጣ ሰው ሞልቷል፤ ከቤት የማትወጣ ሠራተኛማ ከየት ታገኘዋለች? አጥንትና ጡንቻዋ የሚቆረጥማት በዚህ ከሆነ መቶ ጊዜ ብትታሽ አይለቃትም፤ የደም ምርመራ ያስፈልጋታል።

የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 መመሪያው ለአዲስ የወገብ ሕመም ከክኒን በፊት ሙቀትንና መታሸትን አስቀድሟል። ሰው ከሌለ የቴኒስ ኳስ ከግድግዳና ከጀርባ መሀል አድርጎ ቀስ ብሎ መንከባለል ነው። አከርካሪው ላይ ግን አይሁን፤ ከጎንና ከጎኑ።

የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2015ቱ ቁጥር 68፣ ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥና በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ያዛል። ዲሽዳሻ ስትተኩስ የምታመሽ ትከሻ ይህን አንቀጽ አላነበበችው ይሆናል።

ባለሙያ አሺዎች ቶሎ የሚጎዳባቸው የራሳቸው አውራ ጣት ነው፤ ስለዚህ ክርናቸውን ይጠቀማሉ። የፈርዋኒያዋ ልጅ ይህን አልሰማችም። በረካው ሲቀዳ ጣቷን እያፍታታች ፍራሹ ላይ ተኛች፤ ብልቃጧም ወደ ጓደኛዋ እጅ ዞረች።