«ዶክተር፣ ጥርሴን ያትርፉልኝ»

በእነዋሪም ሆነ በቀረው የሰሜን ሸዋ ገጠር የጥርስ ሕመም መድኃኒቱ ቅርንፉድ ነበር፤ ቅርንፉዱ ሲያቅተው ደግሞ ጉጠት። ቅርንፉድ ያለ ነገር አልተለመደም። ዩጂኖል የተባለው ዘይቱ ሕመም ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። መበስበሱን ግን አያስቆመውም። ዛሬ «ይንቀሉልኝ» ብሎ ይመጣ የነበረው ታካሚ «ያትርፉልኝ» ማለት ጀምሯል። ደስ የሚል ለውጥ ነው፤ ለሐኪሙ ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ያመጣበታል።

መንቀል አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። ማትረፍ የሚወሰነው ጥርሱ በደረሰበት ደረጃ ነው። የጥርስ ሽፋን የሆነው ኢናሜል ከሰውነታችን ሁሉ የሚጠነክር ቢሆንም ነርቭ የለውም። ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ሲቀይሩና በጥርሱ ላይ ያለው ፒኤች ከ5.5 ገደማ ሲወርድ ማዕድኑ መሟሟት ይጀምራል፤ ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። ቀዳዳው ከሥር ያለውን ዴንቲን ሲነካ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠዘጥዘዋል። በዚህ ጊዜ ከመጣ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ሞልቶ ይሸኘዋል። እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ በጥርሱ መሀል ያለው፣ ነርቭና የደም ሥር የያዘው ለስላሳ ክፍል ተጎድቷል። ያኔ የሥር ሕክምና ግድ ይሆናል። አንድ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሦስት ወይም አራት ቀጫጭን ቦዮች ይኖሩታል፤ እያንዳንዱ በራጅ እየታየ ተጠርጎ መደፈን አለበት። ቦዩ ከጠመመ ጉዳዩ የስፔሻሊስት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጤፍና ስንዴ በሚታጨድበት ወቅት የእነዋሪ ገበሬ ለተደጋጋሚ ቀጠሮ ደብረ ብርሃን፣ አልፎም አዲስ አበባ መመላለስ ይከብደዋል። «እዚሁ ይጨርሱልኝ» ቢል አይፈረድበትም። ሐኪሙ ግን «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ሲል፣ በእኔ እምነት፣ ልናከብረው እንጂ ልንቀየመው አይገባም። ከሁሉ የሚበልጠው በቅርብ ያለ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ጥርሱን ሕመሙ ሳይጀምር ቢያየው ነው፤ ያኔ የብዙ ሰው ጉዞ ይቀራል።

ታካሚ የሚጠይቀው ማትረፍን ብቻ አይደለም፤ ውበትንም ነው። ውበት መፈለግ ግን አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ድዳቸውን ተነቅሰዋል፤ ፍንጭት ሲሞገስ ኖሯል። አሁን ደግሞ ፎቶ ይዞ መጥቶ «እንዲህ ይሁንልኝ» የሚል ወጣት አለ። ብሬስ የሚባለው የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ጥርስን ቀስ ብሎ ሲገፋ በአንድ በኩል አጥንት ይሟሟል፣ በሌላው በኩል ይሠራል፤ ስለዚህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። መታገሥ ያቃተው ጤነኛ ጥርሱን አስሞርዶ ነጭ ሽፋን ማስለጠፍ ይመርጣል። ይህን ለሚጠይቅ ወጣት አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ነገር አለ፤ ኢናሜልን የሠሩት ሴሎች ጥርሱ ከድድ ብቅ ሲል ይጠፋሉ፤ የተሞረደው ተመልሶ አይበቅልም፣ የተለጠፈውም ከዓመታት በኋላ መለወጡ አይቀርም።