የአሮጌ መኪና የፍሬን ቱቦ ምርመራና ለውጥ

ሞተሩ የተበላሸ መኪና ባለበት ይቆማል፤ ፍሬኑ የተበላሸ መኪና ግን የተሳፋሪውንም ሆነ የእግረኛውን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ዕድሜያቸው በገፋ መኪናዎች ላይ ከዚህ አደጋ መነሻዎች አንዱ፣ ከመኪናው ሆድ ሥር ከዓይን ተሰውሮ የሚገኘው የፍሬን ቱቦ ነው።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬም አልፎ አልፎ የሚታየውን፣ በተለምዶ «ቮልስ» የሚባለውን አሮጌ ቮልስዋገን ለምሳሌ እንውሰድ። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ በዋናው ሲሊንደር ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ይገፋል። ፈሳሽ በቀላሉ የማይታመቅ በመሆኑ፣ ግፊቱ በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች አማካይነት ወደ አራቱም ጎማዎች ይደርሳል። ጎማዎቹ እንደ መንገዱ ሁኔታ ከፍና ዝቅ ስለሚሉ፣ በየጎማው አጠገብ የብረቱ ቱቦ ከሚተጣጠፍ የላስቲክ ቱቦ ጋር ይያያዛል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በፊት በተሠሩት ቮልሶች የዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ዘይቱ በአንድ ቦታ ቢፈስ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ፤ የሚቀረው በሽቦ ገመድ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ብቻ ይሆናል።

የብረት ቱቦ ከውጭም ከውስጥም ይበላል። ከውጭ ጭቃና ውሃ ያዝጉታል፤ ከውስጥ ደግሞ የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ያበላሸዋል። እርጥበቱ የዘይቱን የመፍያ ነጥብም ዝቅ ያደርጋል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ሲገባው ግን ይህ ወሰን ወደ 155 ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ግሎ ዘይቱ ቢፈላ፣ እንፋሎቱ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ያለ ውጤት ይወርዳል።

ለምርመራ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል፤ መሬት የነኩት ጎማዎችም በታኮ ይያዛሉ። ከዚያም ቱቦው ተጠርጎ በማሰሪያዎቹና በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ዝገት፣ እብጠት ወይም እርጥበት መኖሩ ይታያል። የላስቲኩ ቱቦ በእጅ ሲጠመዘዝ የተሰነጠቀ፣ ፔዳል ሲረገጥም የሚነፋ ከሆነ መለወጥ አለበት። እግር ከፔዳሉ ከተነሣ በኋላ ጎማው እንደተያዘ ቢቀር፣ የላስቲኩ ቱቦ በውስጡ አብጦ ዘይቱን እንዳይመለስ አግዶት ሊሆን ይችላል።

የተበላ ቱቦ በማጣበቂያ ወይም በፕላስተር አይጠገንም። አሮጌው ቱቦ ለልክ ተጠብቆ፣ በውፍረትና በርዝመት እኩል የሆነ አዲስ ቱቦ ይተካል። ንጹሕ መዳብ በንቅናቄ ብዛት ስለሚሰነጠቅ አይመረጥም፤ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ግን ዝገትን ይቋቋማል። በመጨረሻም አዲስ ዘይት ተሞልቶ በቱቦው የገባው አየር በየጎማው ካለው ማስወጫ ብሎን ይወጣል። ይህ ሲደረግ የዘይቱ ማጠራቀሚያ ባዶ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። መኪናው ወደ መንገድ ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ ፔዳሉ በኃይል ተረግጦ መጋጠሚያዎቹ አለማፍሰሳቸው ይረጋገጣል፤ ቀጥሎም በሜዳ ላይ በዝግታ ይሞከራል።

ቱቦው እስኪፈነዳ ድረስ ፔዳሉ ደኅና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ስለሆነም የፍሬን ቱቦ የሚመረመረው ከተበላሸ በኋላ ሳይሆን ገና ደኅና በሚመስልበት ጊዜ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለውም ለዚህ ነው።