በሰልባትዮ ሆድ ውስጥ

ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የራያን ቆላ በሚያቋርጥበት በቆቦ፣ በቤንዚን የሚሄድ አውቶሞቢል በፀሐይ ግለት ሲቆም፣ መንሥኤው ከሞተሩ ሳይሆን ከሰልባትዮው ውስጥ ሊሆን ይችላል። በዚያ የተተከለችው የኤሌክትሪክ ፖምፓ የምትቀዘቅዘው በዙሪያዋ ባለው ቤንዚን ስለሆነ፣ ነዳጁ እስኪነጥፍ መንዳት ዕድሜዋን ያሳጥራል። በፈሳሹ ውስጥ መጥለቋ አላዋቂን ቢያስፈራም፣ በተዘጋው ሰልባትዮ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ትነት ለመቀጣጠል የሚበቃ አየር አያገኝም፤ አደጋው ክዳኑ ሲከፈት ነውና ባትሪው አስቀድሞ ይፈታ።

ፖምፓዋ ስትለወጥ አተካከሏ ትዕግሥትን ይሻል፦ ሞላው ወደ ወለሉ እንዲገፋት፣ የነዳጅ መለኪያው ተንሳፋፊ ክንድ ግድግዳውን ሳይነካ እንዲወጣና እንዲወርድ፣ ያረጀው ጓርኒሲዮን በአዲስ እንዲለወጥ ያስፈልጋል። እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማሳስበው፣ የቆላው ትቢያ ወደ ውስጥ እንዳይረግፍ የክዳኑ ዙሪያ ከመከፈቱ በፊት በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠረግ ነው።