ሚስቱን የሚመታ ሰው ይለወጣልን?

በቤት ውስጥ ጥቃት ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ ተደርገው የሚታዩት ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ሚስት ቤቷን ጥላ መውጣት ወይም ሽማግሌ ገብቶ ማስታረቅ። በሁለቱም መንገድ ጥቃቱን የፈጸመው ሰው ጠባዩን እንዴት እንደሚያርም ሳይጠየቅ ይታለፋል። ሽማግሌ አስታርቆ ከተመለሰ በኋላ ዱላው የሚቀጥልበት፣ ከአንዷ የተፋታውም ሌላ አግብቶ ያንኑ የሚደግምበት ጊዜ አለ።

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑና ትዳር ከመሠረቱ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከባሎቻቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። በዚሁ ጥናት 63 በመቶ የሚሆኑ ሴቶችና 28 በመቶ የሚሆኑ ወንዶች ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ የሚሆን ምክንያት አለ ብለው መልሰዋል።

ጥቃት ፈጻሚዎችን ራሳቸውን የማረም ሥራ በተደራጀ መልኩ ከተጀመረባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 በቦስተን ከተማ ኢመርጅ የተባለው ፕሮግራም ተመሠረተ። በ1981 ደግሞ በሚኒሶታ ግዛት በዱሉዝ ከተማ ፖሊስን፣ ፍርድ ቤትንና የሴቶች መጠለያዎችን ያቀናጀ አሠራር ተጀመረ። የዱሉዝ አሠራር ከጊዜ በኋላ ወደ ሌሎች አገሮችም ተስፋፍቷል።

ትምህርቱ የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። ሚስቱን የመታ ሰው ብዙ ጊዜ “ተናድጄ ራሴን ሳትሁ”፣ “መጠጥ ነው”፣ “ሰይጣን አሳስቶኝ ነው” ይላል። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው አለቃው ሲያዋርደው ወይም ፖሊስ ሲቆጣው እጁን አያነሳም። በሰው ፊት ታግሶ የዋለውን ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ያወጣዋል። ስለዚህ ራሱን መግዛት አቅቶት ሳይሆን፣ በማን ላይ እጁን ማንሳት እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። መጠጥ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል፤ ሰካራም ሁሉ ግን ሚስቱን አይመታም።

የዱሉዝ አስተማሪዎች ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች አነጋግረው የሰሙትን በመንኮራኩር ሥዕል አስቀምጠውታል። የመንኮራኩሩ ዙሪያ ድብደባና ጾታዊ ጥቃት ነው። በውስጡ ማስፈራራት፣ ማዋረድ፣ ከዘመድና ከጎረቤት መለየት፣ ገንዘብ መከልከል፣ በልጆች ማስጨነቅና ጥፋትን በእሷ ላይ ማላከክ ይገኛሉ። አንዴ የተመታች ሴት ከዚያ በኋላ ግልምጫ ብቻ ይበቃታል። ዱላው ያልተነሳበት ወርም ለእሷ የፍርሃት ወር ሊሆን ይችላል።

ወንዶቹ ለብዙ ወራት በየሳምንቱ በቡድን ይገናኛሉ። በካሊፎርኒያ ሕግ ጥፋተኛ ተብሎ በአመክሮ የተለቀቀ ሰው ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲማር ይገደዳል። እያንዳንዱ የፈጸመውን ድርጊት ሳያለባብስ ይናገራል፤ ምን እንዳደረገ፣ ምን ለማግኘት ፈልጎ እንዳደረገው፣ በሚስቱና በልጆቹ ላይ ምን እንደደረሰ፣ በእጁ ምን ሌላ ምርጫ እንደነበረ ይጠየቃል። ቁጣው ሲነሳ ከቤት ወጥቶ መረጋጋትን፣ የሚስቱን ሐሳብ ሳያቋርጥ መስማትንም ይለማመዳል።

በዚህ መካከል ሌላ ባለሙያ ሚስትየውን ለብቻዋ ያነጋግራል። ባል “ተለውጫለሁ” ማለቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንምና። ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጦ ማነጋገርም በመጀመሪያ አይመከርም፤ በፊቱ የተናገረችው ቃል ማታ ቤት ሲገቡ ሊያስመታት ይችላል።

ውጤቱን በተመለከተ የጥናቶች ግኝት አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በብሪታንያ ይፋ የሆነው ሚራባል የተሰኘ ጥናት፣ ከፕሮግራሙ በፊት የአካል ጉዳት እንደደረሰባቸው የተናገሩት ሴቶች 61 በመቶ እንደነበሩና በኋላ ወደ 2 በመቶ እንደወረዱ አሳይቷል። የመቆጣጠር ጠባይ ግን የድብደባውን ያህል አልቀነሰም። በአሜሪካ የተካሄዱ ሌሎች ጥናቶች ያገኙት ለውጥ አነስተኛ ነው። ትምህርቱን አቋርጠው የሚጠፉም አሉ። በመሆኑም ፕሮግራሙ የሕግ ተጠያቂነትንና የሴቲቱን ጥበቃ አይተካም።

በአገራችን በጉራጌ ዞን ገጠሮች ተቀራራቢ ሙከራ ተደርጓል። “ዩናይት ፎር ኤ ቤተር ላይፍ” የተባለው ይህ ፕሮግራም ለመንደር ነዋሪዎች የተዘጋጀ የመከላከያ ትምህርት ሲሆን፣ 14 ክፍሎቹ የተሰጡት በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። በ64 መንደሮች በተካሄደው ጥናት፣ ወንዶች ለብቻቸው በተማሩባቸው መንደሮች ወንዶቹ ራሳቸው ፈጸምን ያሉት ጾታዊ ጥቃት ቀንሶ ተገኝቷል።

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ያስቀጣል። ስለዚህ የተመታች ሴት ለፖሊስ ብታመለክት ገመና አወጣች ልትባል አይገባም፤ መብቷን ጠየቀች እንጂ። ሽማግሌም ለማስታረቅ ከመቀመጡ በፊት ሴቲቱን ባሏ በሌለበት፣ በምታምነው ሰው አማካይነት ቢያነጋግራት መልካም ነው። ባልየውንም “ምን አድርጋህ ነው?” ከማለት ይልቅ “አንተ ምን አደረግህ? ነገ ስትቆጣ ምን ታደርጋለህ?” ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከይቅርታው በኋላም በየጊዜው እየተመለሰ እሷን መጠየቅ አለበት።

ሰው ሊለወጥ ይችላል። ለውጡ የሚለካው ግን በሽማግሌ ፊት በሚፈሰው እንባ ወይም ጉልበት ስሞ በሚገባው ቃል አይደለም። ሚስቱ “አይሆንም” ብላ ስትመልስለት ሳትፈራ ከሆነ፣ ልጆቹም የእግሩን ኮቴ ሲሰሙ የማይሸሸጉ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ተለውጧል ማለት ይቻላል።